እጃችንን ታጥበን የምናበቃው መቼ ነው?

ለጥናት የሚነበብ፦ ማርቆስ 7፥1-23



የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር፣ መጋቢት 30 ቀን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኛም ድምፅ ማጉያ፣ ሳሙናና ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ይዘን ከመቱ ወደ ጎሬ፣ ወደ ሁሩሙና ወደ ያዮ ወጣን። «እጃችሁን ደጋግማችሁ ታጠቡ» እያልን አስተማርን። ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ ብዙዎችንም ጠቅሟል። ነገር ግን በመካከላችን ይህ ትምህርት ሸክም የሆነባቸው ሰዎች እንደነበሩ ያወቅነው ዘግይተን ነው። የዛሬው ጥናታችን ስለ እነርሱ ነው።

ከእነዚህ ከተሞች በአንዷ አንዲት እናት ትኖራለች፤ ስሟን አንጽፍም። ወረርሽኙ ሳይመጣ በፊትም እጇን ከሌላው ሰው አብዝታ ትታጠብ፣ ማታም በሩን ከቆለፈች በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ተመልሳ ታየው ነበር። በ2012 ግን መታጠቧ ማለቂያ አጣ። ልጆቿ ከደጅ ሲመጡ ልብሳቸውን ሳይለውጡና ሳይታጠቡ ደፉን አያልፉም። ከገበያ የተመለሰውን የብር ኖት ሳይቀር ታጥባለች። ትልቋ ልጅ ከምንጭ ውኃ ስታመላልስ ትውላለች። የእናትየዋ እጅ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። እኛም ይህን ሳናስተውል፣ ውኃ ለመቅዳት ተራርቀው በቆሙ ሴቶች ፊት «እንደዚህች እኅት ሁኑ» ብለን አመሰገንናት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጅቷ አንዲት ሠራተኛችንን በምንጩ አጠገብ አግኝታ፣ «እትዬ፣ እናቴ እኮ ስትታጠብ ታለቅሳለች» አለቻት።

ያመሰገንነው ትጋት ሕመም ኖሯል።

1. ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ኦ.ሲ.ዲ. ይሉታል፤ በአማርኛ የአስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት ሕመም ልንለው እንችላለን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከጸሎት በፊት በሚደረገው መታጠብ ላይ የሚነሣውን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ወስዋስ ይሉታል። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት በዕድሜያቸው በአንድ ወቅት ይይዛቸዋል።

ሰውየው ያልጠራው ሐሳብ ይመጣበታል፤ «እጄ አልጠራም፤ ልጆቼን በበሽታ እገድላለሁ» እንደሚለው ያለ። ጭንቀቱን ለማብረድ ይታጠባል። ለጥቂት ጊዜ ይቀልለዋል፤ ከዚያ ሐሳቡ ይመለሳል፤ እንደገናም ይታጠባል። እከክ የያዘው ሰው ሲያከው ደስ እንደሚለው፣ ነገር ግን ባከከው ቁጥር ቁስሉ እንደሚሰፋ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሕመምተኞች የሚያደርጉት ከልክ ያለፈ መሆኑን ያውቃሉ፤ ማቆም ግን ያቅታቸዋል።

2. ወረርሽኙ ለምን አከበደው?

ፍርሃቱ ምክንያት አገኘ። ሬዲዮው «ታጠቡ» ይላል፤ ስልክ ስንደውል እንኳ ከጥሪው በፊት የምንሰማው ይህንኑ ምክር ነበር። ቀድሞ «አሁንስ አበዛሽው» የምትላት ጎረቤት ለቡና መምጣት አቆመች። መጓጓዣ ስለ ተገደበ ወደ ሕክምና መሄድም ከበደ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታወቀ። የእኅታችን መታጠብ ግን በዚያ ቀን አላበቃም።

3. ከቃሉ ምን እንማራለን?

በማርቆስ 7 ላይ ጌታ ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባው አለመሆኑን ያስተምራል። ይህን ክፍል ይዘን «ሳሙና አያስፈልግም» ማለት ስሕተት ነው፤ ክርክሩ ስለ ጤና አልነበረም። ሕመምተኛውንም «እምነት ቢኖርህ ትተወው ነበር» ብለን ልንመታበት አይገባም። ማርቲን ሉተር በገዳም ሳለ ለሰዓታት ይናዘዝ፣ የረሳው ኃጢአት ትዝ ሲለውም ተመልሶ ይሄድ እንደነበር ይታወቃል። ሉተር ይህ ሕመም ነበረበት ብለን አንፈርድም። ነገር ግን እምነት ያለውም ሰው በእንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሊሠቃይ እንደሚችል ያስተምረናል።

4. ምን እናድርግ?

ሀ. አንቆጣ፤ አናሹፍ፤ ጋኔን ነው ለማለትም አንቸኩል። እንጸልይ፤ ከሰውየው ጋርም ወደ ሕክምና እንሂድ። በመቱ ካርል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በጅማም አለ፤ በአዲስ አበባም የአማኑኤል ሆስፒታል ይገኛል።

ለ. ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ መድኃኒት ነው፤ ውጤቱ እስኪታይ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ተስፋ ቆርጦ ማቋረጥ አይገባም። ሁለተኛው፣ ሕመምተኛው የሚፈራውን ነገር በባለሙያ እየተረዳ ቀስ በቀስ ነክቶ፣ ሳይታጠብ ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ መቆየትን የሚለማመድበት ነው።

ሐ. «ንጹሕ ነኝ ወይ?» ብሎ ደጋግሞ ሲጠይቀን በየጊዜው «አዎ» ማለት እንደ መታጠቡ ያለ አጭር ዕረፍት ብቻ ይሰጠዋል። አንድ ጊዜ በፍቅር እንመልስ፤ ከዚያ አብረነው እንቀመጥ።

መ. እኛ የምናስተምር ሰዎች ልኩን እንናገር። ምግብ ከመንካት በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ከውጭ ስንገባ፤ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ፤ አንድ ጊዜ፤ ከዚያ በቃ። የኮሌራ ወይም የሌላ በሽታ ትምህርት ስንሰጥ «በቃ» የሚለውን ቃል አንርሳ።

እኅታችን ከባለቤቷ ጋር ወደ መቱ ሄዳ ሕክምና ጀመረች። እኛም ይቅርታ ጠየቅናት። ፈጽማ አልዳነችም፤ የሚከብዷት ቀኖች አሉ። ነገር ግን ልጅቷ ውኃ የምትቀዳው እንደ ማንኛውም ቤት ሆኗል። ጎረቤቶቿም ቡና ሲጠሯት፣ ሲኒውን ሳታጥብ ተቀብላ ትጠጣለች። ይህ ለእርሷ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የምናውቅ እኛ ነን።

ለውይይት፦

1. በጉባኤያችን ወይም በሥራ ቦታችን «በጣም ጥንቁቅ» እያልን የምናመሰግነው፣ ግን የሚሠቃይ ሰው ይኖር ይሆን?

2. አንድ ሰው አንድን ኃጢአት ደጋግሞ ቢናዘዝና ዕረፍት ቢያጣ እንዴት እንረዳዋለን?

3. በሚቀጥለው የጤና ትምህርታችን ምን እንለውጣለን?

ጌታ የሚያስተውል ልብ ይስጠን።