የሎሚ ዛፍ ቢራቢሮን ከእንቁላሉ እስከ ክንፉ የመከታተል ዘዴ

በገጠር ርስቱ ላይ፣ ከቤቱ ጓሮም ሆነ ከቡናው ሥር፣ አንድ የሎሚ ወይም የብርቱካን ዛፍ ያለው ሰው፣ ሩቅ አገር ሳይሄድና ገንዘብ ሳያወጣ፣ ግርማ ካላቸው የአፍሪካ ቢራቢሮዎች አንዱን ከእንቁላልነቱ ጀምሮ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ በዐይኑ ሊከታተለው ይችላል። ይህ ሊቃውንት ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ብለው የሰየሙት፣ ጥቁር ክንፉ በብጫ ነጠብጣብ የተሸለመ፣ በኋላ ክንፎቹም ላይ ቀይና ሰማያዊ ኅብር ያለው ዐይን መሰል ምልክት የያዘ ፍጥረት፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ሲሆን፣ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው ምድር በሞላ ይገኛል። እንደ ዘጌ ባለ፣ ሎሚና ጌሾ ከቡና ጋር ተጎራብተው በሚበቅሉበት አገር ያደገ ሰው፣ ስሙን ባያውቅ እንኳ መልኩን ሳያየው አይቀርም።

ቢራቢሮውን ከማሳደድ ይልቅ ለጋውን ቅጠል ተከተል። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ገና በፈካ ቅጠል ላይ ስለሆነ፣ ዝናብ ከጣለ ወይም ዛፉ ውሃ ከጠጣ በኋላ አዲስ ቡቃያ ባወጣበት ሰሞን፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ከሠለስት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ በዛፉ አጠገብ በአርምሞ ቁም። አበባ ስትቀስም ክንፏ አያርፍም፤ እየተርገበገበች ትቀስማለችና በዚያ ሰዓት መልኳን አጣርቶ ማየት ያስቸግራል። ወደ ሎሚው ስትመጣ ግን በፊት እግሮቿ ቅጠሉን መታ መታ እያደረገች ትቀምሰዋለች፤ ከወደደችውም ሆዷን አጥፋ፣ የመርፌ ራስ የምታህል ክብ ፈዛዛ ብጫ እንቁላል፣ አንዲት ብቻ፣ ለጥፋ ትሄዳለች። ወዲያው ያንን ቅርንጫፍ ክር እሰርበት፤ ቀኑንም ጻፍ። ጤና አዳም ከሎሚ ጋር አንድ ወገን የሆነ ተክል ነውና በደጅህ ካለ እርሱንም አልፎ አልፎ ገለጥ አድርገህ እየው።

በሞቃት ወራት እንቁላሉ በሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩም የገዛ ቅርፊቱን በልቶ ወደ ቅጠሉ ይዞራል። ትንሹ ትል ጥቁር ቡናማ ሆኖ በወገቡ ላይ ነጭ እድፍ ስላለበት፣ ፍጹም የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ይህም ከአዕዋፍ ዐይን የሚሰወርበት ጥበቡ ነው። ስለዚህ በለጋ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ ባየህ ጊዜ ጠርገህ ከመጣልህ በፊት ጎንበስ ብለህ ተመልከት። አራት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፤ ሊገፍ ሲል ሳይበላና ሳይንቀሳቀስ ይቆያልና ታሟል ብለህ አትነካካው። በመጨረሻው ቆዳው ሐመልማል ይለብሳል፤ በጎኑ ቡናማ መቀነት፣ ከራሱ በስተኋላ ደግሞ የሐሰት ዐይኖች ይወጡለታል። በጣትህ ቀስ ብለህ ብትነካው ከአንገቱ ሥር ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ አድርጎ ኀይለኛ ሽታ ይለቃል። ጠጕር የለውም፤ እንደ አባ ጨጓሬ አያሳክክም።

ገበሬው ይህን ትል ጠላት ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገና የተተከለ ችግኝን ቅጠል አልባ ሊያደርገው ይችላልና። ለጐለመሰ ዛፍ ግን ጥቂት ትሎች የሚያመጡት ጉዳት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በችግኝ ላይ ካገኘኸው ካረፈበት ቅጠል ጋር ቆርጠህ በትልቁ ዛፍ ላይ አስቀምጠው፤ በዚያ ዛፍም ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት አይረጭ።

አሁን ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ የሚቀጥለውን ዝግ ብለህ አንብብ፤ የብዙ ሳምንት ክትትል በአንዲት ሌሊት ከንቱ ሆኖ የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና። ትሉ ርዝመቱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ መብላቱን ያቆማል፤ በሆዱ የቀረውን እርጥብ ኩስ ይጥላል፤ ሰውነቱ አጠር፣ መልኩም ደብዘዝ ይላል፤ ከዚያም ያሳደገውን ቅርንጫፍ ትቶ ይሄዳል። ሙሽሬ ሊሆን፣ ማለት ክንፍ እስኪያወጣ ተጣብቆ ወደሚቈይበት መልክ ሊለወጥ፣ ከዛፉ ወርዶ ወደ አጥር እንጨት ወይም ወደ ግድግዳ ሊዘልቅ ይችላል። ሙሽሬው በቅጠል መካከል ከሆነ አረንጓዴ፣ በደረቅ እንጨት ላይ ከሆነ ቡናማ መልክ ስለሚይዝ፣ ነገ ፈልጌ አገኘዋለሁ ብለህ አትመካ።

ስለዚህ ትሉ ሐመልማል በለበሰ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ቅጠል የሞላውን ቅርንጫፍ ከነትሉ በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ሁለቱን ጫፍ እሰር፤ በውስጡም አንድ ደረቅ ጭራሮ ጨምር። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ያረጀ ነጠላ ነው፤ ብርሃንና ነፋስ ያሳልፋል፣ ትሉም በቀላሉ ይቆናጠጠዋል። ጧት ጧት ፈትተህ ኩሱን አራግፍ፤ ቅጠሉ ካለቀም ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛውረው። ቆርጠህ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ በተከልኸው ቅርንጫፍ ላይ ግን አታኑረው፤ ግንዱን ተከትሎ ወርዶ ይሰጥማል።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቅህ፣ ለወባ መከላከያ የሚታደለውን የአልጋ አጎበር ለዚህ ሥራ እንዳታውል ነው። ስስነቱና ቀዳዳው ለዚህ የተሠራ ያስመስለዋል፤ በየቤቱም ስለማይጠፋ እጅህ አስቀድሞ የሚዘረጋው ወደ እርሱ ነው። ነገር ግን አጎበሩ ትንኝ በሚገድል መድኃኒት የተዘጋጀ ነው፤ ትንኝን የሚገድለው ትሉንም ይገድለዋል። አሮጌ ነው፣ ታጥቧል ብለህ ራስህን አታታልል፤ መድኃኒቱ 20 ጊዜ ያህል ታጥቦ እንኳ ኀይሉን እንዲጠብቅ ሆኖ የተሠራ ነውና። ደግሞም አጎበር የሰው ሕይወት ጠባቂ ስለሆነ ከአልጋ ላይ ሊነሣ አይገባውም። ምን ዐይነት መረብ እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆንህ ተወው፤ ነጠላ ይበቃሃል።

ትሉ ስፍራውን ከመረጠ በኋላ ጅራቱን በሐር ይለጥፋል፤ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ወገቡን በጠፍር እንደሚያስር ደግሞ በደረቱ ዙሪያ የሐር መቀነት ያጠልቅና ወደ ኋላ ጋለል ይላል፤ ከዚያም ሙሽሬ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ነጠላውን ለመፍታት አትቸኩል። የሙሽሬው ቆዳ ገና ለስላሳ ሳለ ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች እንቁላላቸውን ይጥሉበታልና፣ እስኪጠነክር ሁለት ቀን ያህል ተሸፍኖ ይቈይ። ከዚያ በኋላ ፍታው፤ ዶሮ የሚደርስበት ከሆነ ብቻ ላላ አድርገህ መልሰህ ሸፍነው።

ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቅ፤ ብርድ ባለበት ወራት ከዚህም ይዘገያል። ሙሽሬው ጠቁሮ የክንፉ ብጫ ነጠብጣብ በቆዳው ውስጥ ሲታይህ፣ በማግስቱ ጧት በነግህ ተነሥተህ ተገኝ። ቢራቢሮው ሲወጣ ክንፉ እርጥብና የተጨማደደ ነው፤ ከሰውነቱ ፈሳሽ እየገፋ ይዘረጋዋል፣ እስኪደርቅም ተንጠልጥሎ ይቈያል፤ ልርዳው ብለህ አትንካው፤ የታጠፈ ክንፍ እንደታጠፈ ይደርቃል። በመጨረሻም ባዶውን ሙሽሬ አንሥተህ እየው፤ ከራሱ በኩል ተሰንጥቆ ከሆነ ቢራቢሮ ወጥቶበታል፤ ቢራቢሮ ሳታይበት በጎኑ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ካገኘህበት ግን የወጡት ተርቦች ናቸውና፣ ሁለቱን በየፊናው መዝግብ።