ከታሪኩ በፊት ድልድዩ



በአንድ የወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ አንድ ወንድም «የራሳችንን ገጠመኝ ብናወራ ለሐሜት በር ከመክፈት ሌላ ምን ይለውጣል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሚገባ የሚመልሱልን የአገራችን ሰው ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ይመስሉኛል።

ቦጋለች ያደጉት በከምባታ፣ ሴት ልጅ ሳትገረዝ ታገባለች ተብሎ በማይታሰብበት ዘመን ነው። እርሳቸውም ተገርዘዋል፤ አንዲት እህታቸው በወሊድ ሞታባቸዋለች። ውሃ ልቀዳ እያሉ ከቤት በመውጣት በድብቅ ፊደል ቆጠሩ። ኋላም በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው ከእህታቸው ጋር ድርጅት አቋቋሙ።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የጠየቋቸው ግን ስለ ግርዛት አልነበረም። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ እንዲሠራላቸው ነበር የጠየቁት። ድልድዩን አሠሩላቸው። መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከታሪካቸው ሁሉ ይህ ክፍል ይማርከኛል። ሰው የሚሰማህ ችግሩን የሰማህለት ጊዜ ነው፤ ቦጋለችም ስለ ደረሰባቸው ነገር በአደባባይ ሲናገሩ ሰሚ ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው።

የንግግሩ ጥቅም የት ላይ ነው? ብዙ እናቶች የግርዛትን ጉዳት በገዛ አካላቸው ያውቁት ነበር። የጎደላቸው እውቀት አልነበረም። እያንዳንዷ እናት «ሌላው ሁሉ ይፈልገዋል፤ የኔ ልጅ ብቻዋን ብትቀር ማን ያገባታል?» ብላ ትፈራለች። አንዷ አፍ አውጥታ ስትናገር ግን ሌላዋ ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለች። ለዚህም ነው ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም አብረው የሚቀመጡበት የማኅበረሰብ ውይይት የሥራው እምብርት የሆነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሙሽራውም በዚህ ደስተኛ መሆኑን በጽሑፍ ገልጦ፣ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው በተገኘበት ሰርግ ተጋቡ። «ማን ያገባታል?» ለሚለው ፍርሃት መልሱ እዚያው ቆሞ ታየ።

የወንድማችን ስጋት ግን መልስ ይፈልጋል። በኛ ዲን አላህ የሸሸገለትን ወንጀል ራሱ አውጥቶ የሚያወራ ሰው ተወግዟል፤ የሌላ ሰው ምስጢርም አማና ነው። ስለዚህ የሚነገረው የደረሰብን በደል፣ የተሸከምነው ችግር፣ ያለ ጥፋታችን ያፈርንበት ነገር ነው። ከዕብ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ከተቡክ ዘመቻ መቅረታቸውንና ሃምሳ ሌሊት የደረሰባቸውን መገለል ራሳቸው ተርከውልናል። ያም ቢሆን መቅረታቸው ሕዝብ ሁሉ ያወቀው ነገር ነበር፤ የተሸሸገ ገበና አልገለጡም።

የኔ ገጠመኝ ትንሽ ናት። ዲግሪዬን ይዤ እዚህ አገር ስገባ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ሐላል ሥራ ነው፤ ግን አፈርኩበት። በጀመዓው መካከል ስለ ሥራ ሲነሳ ወሬ እቀይር ነበር። በሙያዬ ለመሥራት የትምህርት ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን፣ የትኛው ፈተና እንደሚያስፈልግ የሚያውቁ ሰዎች እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስላልጠየቅኩ ሁለት ዓመት ጠፋ።

ሥራ ካገኘሁ በኋላ እሑድ እሑድ አዲስ ለመጡ ወንድሞችና እህቶች ቅጽ በመሙላት እተባበር ጀመር፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ። ስለ ሙያው የሚያነሳ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ እሑድ ሻይ ላይ የመጋዘኑን ነገር፣ ወሬ እቀይር የነበረውን ሳይቀር፣ ነገርኳቸው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ለሦስት ወር ያህል አብረን ቅጽ ስንሞላ የነበረች እህት ሻይዋን አስቀምጣ «እኔ እኮ ነርስ ነኝ» አለች።