ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መርካቶ ለሚመጣ ነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት

የአዲስ አበባ መርካቶ በአንድ ቀን ተጠንቶ የሚያልቅ ገበያ አይደለም። ይሁን እንጂ መነሻ ገንዘቡን ይዞ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ባለ ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት የብዙ ወር ትርፍ ስለሚያሳጣ፥ ነጋዴው ከቤቱ ሳይነሣ ሊያውቃቸው የሚገቡት ነገሮች ከዚህ በታች በየተራቸው ተዘርዝረዋል።

አንደኛ፥ ስለ ገበያው አቀማመጥ። የከተማይቱ ትልቅ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበረ። ወደ አሁኑ ስፍራ የተዛወረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ ጊዜ ነው፤ «መርካቶ» የሚለውም ስም ከጣልያንኛ የቀረ ነው። ገበያው የተከፋፈለው በተራ ነው፤ በርበሬ ተራ፥ ሸማ ተራ፥ ምን አለሽ ተራ፥ ዱባይ ተራ እየተባለ ይጠራል። ስለዚህ እንግዳው የመንገድ ስም ወይም የቤት ቁጥር ከመፈለግ ይልቅ የሚገዛው ዕቃ በየትኛው ተራ እንደሚገኝ አስቀድሞ በስልክ ጠይቆ በወረቀት ይጻፍ። መንገድ የጠፋበት እንደ ሆነ የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ወይም የአንዋርን መስጊድ ቢጠይቅ የማያሳየው ሰው አይኖርም።

ሁለተኛ፥ ስለ ማደሪያና ስለ መንገድ። በገበያው መካከል ማደር ግዴታ አይደለም። ልደታ ለመርካቶ ቅርብ ከመሆኑም በላይ፥ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት የቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ሰፈር ነው። ከልደታ ወደ ሰሜን የሚሄደው መስመር በዳርማር፥ በአብነትና በሰባተኛ አድርጎ አውቶቡስ ተራ ያደርሳል። ባዶ እጅን ለመሄድ ይህ መንገድ መልካም ነው፤ ዕቃ ይዞ ለመመለስ ግን አይመችም። ቀኑ የወሩ መጀመሪያ ከሆነ፥ ይልቁንም ግንቦት 1 ቀን፥ የልደታ ለማርያም በዓል ስለሚከበር በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው መንገድ በምእመናን ይሞላል። ይህን ያላወቀ መንገደኛ ሰዓቱን በከንቱ ያባክናል።

ሦስተኛ፥ ስለ ቀንና ስለ ሰዓት። ሱቆች ከተከፈቱ በኋላ ያለው የማለዳ ሰዓት ዋጋ ለመጠየቅ የተሻለ ነው፤ ሻጩ ገና አልደከመም፥ መተላለፊያውም አልተጨናነቀም። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የጁምዓ ስግደት ስላለ በአንዋር መስጊድ አቅራቢያ መንገዱ ይዘጋል፥ ብዙ ነጋዴዎችም ሱቃቸውን ለጊዜው ይዘጋሉ። እሑድ ለጅምላ ግዢ የሚታሰብ ቀን አይደለም። ሐሙስ ማታ የሚደርስ ነጋዴ እንግዲህ ሥራውን በዓርብ ጧትና በቅዳሜ መካከል ማካፈል ይገባዋል።

አራተኛ፥ ስለ ዋጋና ስለ መለኪያ። በመጀመሪያው ሱቅ መግዛት አይገባም። ቢያንስ በሦስት ሱቆች ጠይቆ ዋጋውን መመዝገብ ያስፈልጋል። በሚጠየቅበትም ጊዜ መለኪያው ይለይ፤ ቡና፥ ማርና ቅቤ በፈረሱላ ሲነገር 17 ኪሎ ማለት ነው፥ ጨርቃ ጨርቅ ግን በደርዘን ወይም በቦንዳ ሊነገር ይችላል። ናሙናው ተወዶ የታሸገው ጥቅል ሳይፈታ የሚወሰድበት ልማድ ለብዙ ሰው ጸጸት ሆኗል። ከየጥቅሉ አንዳንዱን አስፈትቶ ቍጥሩን፥ መጠኑንና ቀለሙን ማየት ነውር አይደለም፤ ቅን ሻጭም አይቈጣበትም።

አምስተኛ፥ ስለ ደላላና ስለ ተሸካሚ። ርካሽ ዋጋ ሁሉ ትርፍ አይደለም። አንድ ነጋዴ 10 ደርዘን ሸሚዝ ሲገዛ በአንዱ ሸሚዝ 20 ብር ቀነሰልኝ ብሎ ደስ አለው እንበል፤ በ120 ሸሚዝ 2,400 ብር ተረፈው ማለት ነው። ነገር ግን ለደላላው 1,000፥ ለተጨማሪ ተሸካሚ 400፥ ያንን ሱቅ ሲፈልግ ላደረው አንድ ሌሊት 800 ብር ከፍሎ እንደ ሆነ፥ በእጁ የቀረው 200 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ የደላላ ኮሚሽንና የተሸካሚ ዋጋ ሥራው ሳይጀመር ይቈረጥ። ከተሸካሚው ጋርም ገዢው ራሱ ወይም የታመነ ሰው አብሮ ይሂድ።

ስድስተኛ፥ ስለ ገንዘብና ስለ ደረሰኝ። ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ በግፊያ ውስጥ መዞር ሌባን መጥራት ነው። «ልብስዎ ቆሸሸ» ብሎ ለመጥረግ የሚጠጋ የማይታወቅ ሰው ሲያጋጥም፥ እጅን በኪስ ላይ አድርጎ ወደ ቅርብ ሱቅ መግባት ይበጃል። ዋናውን ሒሳብ በባንክ ማዛወር፥ ለጥቃቅኑም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋውን ቴሌብር መጠቀም ይቻላል። «ያለ ደረሰኝ ላርክስልህ» የሚል ንግግር ግን እንደ ወጥመድ ይቈጠር። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ በመንገድ ላይ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ በግብር ጊዜም ወጪው ስለማይታመን ገንዘቡ ሁሉ እንደ ትርፍ ሊታሰብ ይችላል። በደረሰኙ ላይ የገዢው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር በትክክል መጻፉ ከሱቁ ሳይወጣ ይታይ።

ሰባተኛ፥ ስለ ማከማቻ። የተገዛ ዕቃ በገበያው ውስጥ በአደራ ብዙ ቀን ማሳደር አይመከርም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ሰው ሀብት በአንድ ሌሊት እንዳጠፋ መርሳት አይገባም። ዕቃው በተገዛበት ቀን ቢጫን፥ የጥቅሎቹም ቍጥር በጫኚው ፊርማ ቢመዘገብ ይሻላል።

በመጨረሻ መታሰብ ያለበት ነገር ከሁሉ ይበልጣል። መርካቶ በውጭ ሲታይ ጩኸት ነው፤ በውስጡ ግን በመተማመን የቆመ ገበያ ነው። ዱቤ የሚሰጠው ለሚታወቅ ሰው ነው፥ ታዋቂነትም የሚገኘው በጊዜ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ መንገደኛ በዱቤ ብዙ ከመጫን ይልቅ ጥቂት ገዝቶ፥ ንጹሕ አድርጎ ከፍሎ፥ የባለ ሱቁን ስልክ ተቀብሎ ቢመለስ በሁለተኛው ጕዞው እንግዳ አይሆንም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በአንድ ቀን ሁሉን ለማትረፍ የቸኰለ ያለውን ያጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ስሙን ያተረፈ ነጋዴ ግን ዕቃውን ቤቱ ሆኖ በስልክ የሚያዝዝበት ጊዜ ይመጣል።