አንድ ኪሎ መኖ በስንት እንቁላል ይገዛል?

የእንቁላል ዋጋ በጨመረ ቁጥር ለቀበሌ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ "ጫጩት የት ይገኛል?" የሚል ነው። ጥያቄው አያስገርምም፤ እንቁላል እንዲህ ሲወደድ ዶሮ ማርባት የማያምረው የለም። ነገር ግን የእንቁላል ዋጋ ብቻውን ስለ ትርፍ ምንም አይናገርም። አርቢው መያዝ ያለበት ሒሳብ አንድ ኪሎ መኖ ለመግዛት ስንት እንቁላል እንደሚሸጥና ያው አንድ ኪሎ በራሱ ቤት ስንት እንቁላል እንደሚያስገኝለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ እንቁላል ረክሶም ይተርፋል፤ ከጠበበ ግን ዋጋው ሰማይ ቢነካም የሚገባው ገንዘብ ተመልሶ ወደ መኖ ሻጩ ይሄዳል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ቦቫንስ ብራውንም ትሁን ሎማን ብራውን፣ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ እዚህ 115 ግራም እንያዝ። ከ100 ዶሮ በቀን 80 እንቁላል የሚለቀም ከሆነ አንድ ኪሎ መኖ 7 እንቁላል ያህል ይሰጣል። 90 ሲለቀም ወደ 8 ይጠጋል፣ 60 ሲለቀም ወደ 5 ይወርዳል፣ 50 ሲለቀም 4 ብቻ ይሆናል። መኖ ተገዝቶ በሚካሄድ እርባታ ከጠቅላላው ወጪ ከ65 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የመኖ ወጪ ነው። እንግዲህ ከ7ቱ እንቁላል 5ቱ ለመኖ ከሄደ፣ በቀሩት 2 እንቁላሎች የጫጩቱን ዋጋ፣ ክትባቱን፣ መብራቱን፣ ጉዝጓዙን፣ የሞቱትን ዶሮዎችና የቤተሰቡን ጉልበት መሸፈን ግድ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ኪሎ መኖ ከ5 እንቁላል በላይ ማስከፈል ሲጀምር፣ 80 በመቶ የሚጥል መንጋ እንኳ ባለቤቱን በነጻ ያሠራዋል።

አሁን ዋጋ ይጨምር። ለስሌት እንዲመች መኖ በኪሎ 45 ብር፣ እንቁላል 12 ብር ነበር እንበል። 7 እንቁላል 84 ብር ያወጣል፤ መኖው ሲቀነስ 39 ብር ይቀራል። ቆይቶ እንቁላል 15 ብር ገባ፣ መኖም 65 ብር ሆነ። 7 እንቁላል 105 ብር፣ መኖው ሲወጣለት 40 ብር። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ 3 ብር ተጨምሮ አርቢው ከአንድ ኪሎ መኖ ያገኘው ጭማሪ 1 ብር ነው፤ ጫጩትና ክትባት በዚያው ጊዜ ከተወደዱ እሷም የለችም። ከ100 ዶሮ 65 እንቁላል ብቻ የሚለቅመው ጎረቤቱ ደግሞ ባሰበት፦ ቀድሞ ከአንድ ኪሎ መኖ 23 ብር ያህል ይቀረው የነበረው አሁን ወደ 20 ብር ወርዷል። ሁለቱም በአንድ ገበያ፣ በአንድ ዋጋ ነው የሸጡት።

ዋጋው የወጣበትን ምክንያት ማወቅም ለውሳኔ ይረዳል። እንቁላል የሚወደደው አንድም ዶሮ ሲያልቅ፣ አንድም ማምረቻው ሲወደድ ነው። በበሽታ ብዙ ዶሮ ካለቀ፣ ከጥፋቱ የተረፈ አርቢ በአሮጌ ወጪ በአዲስ ዋጋ ሸጦ ይጠቀማል። እኛ ዘንድ ደጋግሞ የሚታየው ግን ሁለተኛው ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተርና የኑግ ፋጉሎ ከሰው ምግብና ከዘይት ገበያ ጋር ይሻማሉ። በመኖው ውስጥ በትንሹ የሚገቡት ቫይታሚን፣ ማዕድን፣ ሜቲዮኒንና ላይሲን ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ የጫጩት ማስፈልፈያዎች ወላጅ ዶሮዎችንም የሚያስመጡት በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ያለ ለውጥ መኖውን አስቀድሞ ይነካና እንቁላሉ ላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ገበያ ላይ የሚታየው የእንቁላል ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ አርቢው ከወራት በፊት የከፈለው ወጪ ነው።

"ዋጋ ሲወጣ ካልገባን መቼ ልንገባ ነው?" የሚል ክርክር ይነሳል። መልሱ ያለው በዶሮዋ ዕድሜ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት የመጀመሪያዋን እንቁላል የምትጥለው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ስትሞላ ነው፤ ከፍተኛ ምርት ላይ የምትደርሰው ደግሞ ከ26ኛው ሳምንት በኋላ። የፋሲካን ዋጋ አይቶ በሚያዝያ ጫጩት የሚያስገባ ሰው የመጀመሪያውን እንቁላል የሚያየው እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው፤ ዶሮዎቹ ጥሩ አድርገው መጣል ሲጀምሩ ደግሞ ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም ይቀበላቸዋል። በዚያ ላይ ያንን የፋሲካ ዋጋ ያየው እሱ ብቻ አይደለም። በአንድ ወረዳ ብዙ ሰው በአንድ ወር ጫጩት ካስገባ፣ ከአምስትና ስድስት ወር በኋላ እንቁላሉም በአንድ ወር ይወርዳል።

የተሻለው መንገድ ከጾሙና ከበዓሉ ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በጥቅምት መጀመሪያ የገባች ጫጩት 18 ሳምንት የምትሞላው በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። የነቢያትን ጾም በሙሉ ያሳለፈችው በማደግ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ገና ጥቂት ጥቂት፣ ትናንሽ እንቁላል እየጣለች ነው። ሚያዝያ ላይ 26 እና 28 ሳምንት ሆኗት ጉልበቷ ሲሞላ ገበያውም ይከፈታል። የገና ገበያ ያመልጣታል፤ ይህ እውነት ነው። በአንጻሩ በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ዕድሜዋ 78 ሳምንት ገደማ፣ ማለትም መጣሏ የሚቀንስበትና የምትሸጥበት ጊዜ ስለሚሆን፣ ያረጀችው ዶሮ ለዶሮ ወጥ በምትፈለግበት ሳምንት ገበያ ትወጣለች። እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለ፦ ሁለተኛውን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስታሳልፍ 6 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። በጾሙ የምትጥለው እንቁላል ሽያጭና በቅበላና በፋሲካ የዶሮ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ተደምሮ ይህን መኖ ካልሸፈነ፣ በቅበላው መሸጥ ይሻላል። ጾም ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይከብድም። ድሬዳዋ፣ ሐረር ወይም ጅማ አካባቢ ያለ አርቢ፣ ወይም ለሆቴልና ለኬክ ቤት በቋሚነት የሚያስረክብ፣ ይህን አቆጣጠር ለራሱ ገበያ ማስተካከል አለበት። እንቁላል አከማችቶ ጾሙን ማሳለፍ የሚሉም አሉ። ያልታጠበ ንጹሕ እንቁላል በቀዝቃዛ ቦታ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆይ ይሆናል፤ 55 ቀን ግን አይቆይም፤ በቆላ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ሌላው ተቃውሞ ከጓሮ አርቢዎች የሚመጣ ነው፦ "የኔ ዶሮዎች ጭረው ነው የሚያድሩት፣ መኖ አልገዛም፤ ታዲያ ዋጋ ሲጨምር ለምን አልጠቀምም?" ልክ ናቸው። በዚህ ገበያ ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ ኪሳቸው የሚገባላቸው አራትና አምስት የሐበሻ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ እንቁላሏ ግን በከተማ ከፈረንጁ በላይ ይሸጣል፣ ወጪዋም ከእፍኝ እህል ብዙም አያልፍም። ስህተቱ የሚመጣው ይህን ትርፍ አይቶ ዶሮውን ከአምስት ወደ ሃያ ለማሳደግ ሲታሰብ ነው። የግቢው ትል፣ ሣርና የእህል ፍርፋሪ አብሮ አይበዛም፤ ከተወሰነ ቁጥር በኋላ የሚመጣው ዶሮ ሁሉ የሚበላው የሚገዛ መኖ ነው፤ የሐበሻ ዶሮ ደግሞ የተገዛ መኖ በልታ ዋጋውን አትመልስም። ለጓሮ አርቢ ቁጥር ከመጨመር ይልቅ ያሉትን ከሞት ማዳን ይበልጣል። ፈንግል አንድ ቤት ከገባ በቀናት ውስጥ ግቢውን ባዶ ያደርጋል። ሙቀት የሚቋቋመውና በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ክትባት በየሦስትና አራት ወሩ ከተደገመ ይህን ይከላከላል፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ጎረቤት ተሰባስቦ በአንድ ቀን ማስከተብ ወጪውን ያቀለዋል። ከምሽት አውሬ የሚጠብቅ ቆጥ ያለው ማደሪያም እንዲሁ። ደግሞም እንቁላል ሲወደድ ሁሉንም ሸጦ ለማስታቀፍ ምንም አለማስቀረት በስድስተኛው ወር ቄብም አውራም ያሳጣል።

መኖን ራሳችን ብንቀላቅልስ? ወጪውን ሊቀንስ ይችላል፤ በቆሎ በምርት ወቅት ገዝቶ በደረቅ ማስቀመጥ ለሚችል አርቢ ወይም ማኅበር በተለይ። የምትጥል ዶሮ መኖ ግን ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን፣ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ካልሲየምም ያስፈልገዋል። ከበቆሎና ከፉርሽካ ብቻ የተሠራ መኖ በኪሎ ይረክሳል፣ በእንቁላል ግን ይወደዳል፦ መኖው በአንድ አምስተኛ ረክሶ ምርቱ ከ80 ወደ 60 ከወረደ፣ እያንዳንዱ እንቁላል ከቀድሞው የበለጠ የመኖ ወጪ ይዞ ይወጣል። ፕሮቲኑ ከአኩሪ አተርና ከኑግ ፋጉሎ ሊመጣ ይችላል፤ አኩሪ አተሩ ሳይቆላ መሰጠት የለበትም፣ ፋጉሎው ደግሞ ገለባው ስለሚበዛ ብቻውን አይበቃም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ጨውና ከቫይታሚን ጋር የሚመጣው ማዕድን አይቀሩም። የሻገተ በቆሎና ፋጉሎ በርካሽ ሲገኝ ማለፍ ነው፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፣ እንቁላል ያስቀንሳል፣ ወንፊትም ሆነ ፀሐይ አያጠፋውም።

የመኖን ዋጋ አንድ አርቢ ሊወስን አይችልም፤ ከአንድ ኪሎ የሚያገኘውን እንቁላል ግን ብዙውን የሚወስነው ራሱ ነው። ከመቶ ዶሮ 10 የማይጥሉ ቢኖሩ በወር ከ30 ኪሎ በላይ መኖ ይበላሉ፤ ስለዚህ በየወሩ አንድ ማታ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ይዞ መመርመር ከማንኛውም የመኖ ቅናሽ ይበልጣል። የምትጥል ዶሮ ጉትዬዋ ቀይና ለስላሳ ነው፣ ከጅራቷ ሥር ያሉት ሁለት አጥንቶች ሁለት ጣት ወይም ከዚያ በላይ ይራራቃሉ፣ የእግሯ ቢጫነት ደብዝዟል። ጉትዬዋ የደረቀ፣ አጥንቶቿ የተጠጋጉና እግሯ ዳግም ቢጫ የሆነችው ወደ ገበያ ትሂድ። መመገቢያው ከሲሶው በላይ ባይሞላና ከንፈሩ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ቢሰቀል የሚፈሰው መኖ ይቀንሳል። ውኃ አንድ ቀን ከተቋረጠ ምርቱ ለቀናት ይወርዳል። የቀናችን ብርሃን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጣይ ዶሮ ግን እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ስታገኝ የተሻለ ትጥላለች። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዛሬ አብርቶ ነገ ከመተው፣ በትንሽ የፀሐይ መብራት ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት ይበጃል።

ይህ ሁሉ ታይቶ መጀመር የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ከጫጩት ዋጋ በፊት የሚያስፈልገው የመጠበቂያ ገንዘብ ነው። አንዲት ቄብ 18 ሳምንት እስክትሞላ ከ6 እስከ 7 ኪሎ መኖ ትበላለች፤ 100 ጫጩት ማለት አንድ እንቁላል ሳይታይ ከ6 እስከ 7 ኩንታል መኖ ማለት ነው፤ መጣል ከጀመሩ በኋላም በወር ሦስት ኩንታል ተኩል ገደማ። በመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮ ለተሰጣቸው ወይም በብድር ለሚገዙ ሰዎችም ዶሮዋን ማግኘቱ የመጀመሪያው ወጪ እንጂ ትልቁ አይደለም። ለ100 ዶሮ መኖ የሚሆን ገንዘብ የሌለው በ40 ቢጀምር ይሻለዋል፤ መኖ አጥሮበት ግማሽ የበላ መቶ ዶሮ፣ ጠግቦ የበላ 40 ዶሮ የሚጥለውን ያህል ላይጥል ይችላል። ጫጩት ከማዘዝ በፊት በአካባቢው የመኖ መደብር የኪሎውን ዋጋ፣ በሚሸጡበት ገበያ ደግሞ ነጋዴው ለአርቢው የሚከፍለውን የእንቁላል ዋጋ ይጠይቁ፤ ሱቅ ላይ ሸማቹ የሚከፍለው ለዚህ ሒሳብ አይሆንም። የመኖውን ዋጋ ለእንቁላሉ ያካፍሉ። ከ4 በታች ከመጣ ይዘዙ፤ በ4 እና በ5 መካከል ከሆነ የሚሸጡለት ቋሚ ደንበኛ ካለና ዶሮዎቹን በቅርብ መከታተል ከቻሉ ብቻ፤ ከ5 ካለፈ ጫጩቱን ትተው ያሉትን ዶሮዎች ያስከትቡ፣ የማይጥሉትን ለይተው ይሽጡ፣ ስሌቱንም በሚቀጥለው ወር ይድገሙ።