ሳንሱርን አልፎ የታገደው መጽሐፍ

ሳንሱርና እገዳ ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ። አሠራራቸውን ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ይለያያሉ። ሳንሱር መጽሐፉን የሚያገኘው ገና ረቂቅ ሳለ ነው። መርማሪው ዓረፍተ ነገር ይሰርዛል፣ ገጽ ያስወጣል፣ ወይም «አይታተምም» ይላል። መጽሐፉን የገዛ ሰው ምን እንደተቆረጠበት አያውቅም፤ ሙሉውን የያዘ ይመስለዋል። እገዳ የሚመጣው ግን መጽሐፉ ታትሞ አንባቢ እጅ ከገባ ወዲያ ነው።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንውሰድ። በደርግ ዘመን ሳንሱር ሳያየው የሚታተም መጽሐፍ አልነበረም። «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ደግሞ የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው፤ ደራሲውም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በሮቹን ሁሉ በግልጽ አልፎ የወጣ መጽሐፍ ነው ማለት ነው። ልብ ወለዱ የሚያጠነጥነው ደርግ በ1974 በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ነው፤ ታሪኩም በአብዛኛው አስመራ ላይ ይካሄዳል። በዓሉ ዘመቻውን በቅርብ ያየ ሰው ነበር። የጻፈው ባለሥልጣናቱን አስቆጣና መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ። እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ስለዚህ መጽሐፍ ሲነሳ ልባችን ወደ ደራሲው ይሄዳል። ሕይወት የጠፋበት ጉዳይ ነውና ይገባዋል። እኔ ግን አንባቢውም እንዲታሰብ እፈልጋለሁ። «ኦሮማይ» በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል፤ ዋጋውም ንሯል። ስለዚህ ማንበቡ ጨርሶ አልቀረም። የቀረው ያነበቡትን በአደባባይ መነጋገር ነው። «ዘመቻው እንዲህ አልነበረም፣ በዓሉ ተሳስቷል» የሚል ዘማች ቢኖር እንኳ ያልተነበበ መሆን ያለበትን መጽሐፍ በምን አፉ ይተቻል? እገዳው መጽሐፉን የወደደውንም የጠላውንም እኩል ዝም አሰኝቷል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ይከለክላል። ከዚያው አንቀጽ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ቃል አለ። ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት መረጃና ሐሳብን ማሰራጨትን ብቻ ሳይሆን መቀበልንም ይጨምራል። ማሰራጨት የደራሲውና የአሳታሚው ድርሻ ነው። መቀበል ግን መጽሐፍ መደብር ገብቶ «ኦሮማይ አለ?» ብሎ የጠየቀው፣ «የለም» ተብሎ ባዶ እጁን የወጣው ሰው መብት ነው።