ጂኦሜትሪን በደጅና በስልክ

ጥያቄ፦ ልጄ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሒሳብ ትወዳለች፤ ጂኦሜትሪ ላይ ሲደርሱ ግን ትሸሻለች። ቤት ውስጥ በምን ላለማምዳት? በስልክስ የሚሆን ነገር አለ? (ከሉማሜ)

መልስ፦ ደብተሩን ዘግታችሁ ወደ ደጅ ውጡ። ሲባጎ በእኩል ርቀት 13 ጊዜ ትቋጥርና 12 ክፍል ታውጣ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቋጠሮ አጋጥማ፣ ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ክፍል እንዲሆኑ በሦስት ችካል ትወጥረው። በ3 እና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ ይሆናል። ግንበኞችም የቤት መሠረት ሲያወጡ ማዕዘን የሚያስተካክሉት በዚህ ስሌት ነው፤ በአቅራቢያችሁ ቤት የሚሠራ ካለ ይውሰዷትና ትይ።

ቀጥሎ ባሕር ዛፍ ትለካ። 1 ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋ ትከል፤ የእንጨቱንና የዛፉን ጥላ በተመሳሳይ ሰዓት ትለካ። የእንጨቱ ጥላ ግማሽ ሜትር፣ የዛፉ 6 ሜትር ቢሆን ዛፉ 12 ሜትር ነው። ከመለካቷ በፊት ትገምት፤ ልጅ የሚማረው ግምቱና ልኩ ሲለያዩበት ነው። ሜዳው ተዳፋት ከሆነ ግን ልኩ ይሳሳታል።

የምጣድን ዙሪያ በክር ለክታ ለመሃል ስፋቱ ብታካፍል ደግሞ 3.14 ገደማ ታገኛለች።

ለስልክ ጂኦጀብራን እመርጣለሁ። ማርከስ ሆሄንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ነጻ መተግበሪያ ነው፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ጎነ ሦስት ስላ ጫፉን ስትጎትት ማዕዘኖቹ ይለዋወጣሉ፣ ድምራቸው ግን ከ180 ዲግሪ አይነቃነቅም። የካን አካዳሚ መተግበሪያም ነጻ ልምምድ አለው። እባክዎ ስልኩን የሚሰጧት በእጇ ከለካች በኋላ ይሁን።