ብርሃን የሚገባበት የድንች ዘር ቤት

በአምቦና በአካባቢው ያላችሁ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ስለ ቤት ሥራ ሲነገር ብዙዎቻችን የምናስበው ሰው የሚያድርበትን ቤት ነው። ነገር ግን የአንድን መንደር ኑሮ የሚያጸናው አንዳንድ ጊዜ ሰው የማያድርበት ትንሽ ቤት ነው። ዛሬ የምናስረዳችሁ ስለ ድንች ዘር ማስቀመጫ ቤት ነው።

በጄልዱ ደጋ (የወረዳው ከተማ ስሟ ራሱ ጎጆ ነው) ድንች በመስከረምና በጥቅምት ይቆፈራል፤ ለክረምት የሚተከለው ግን በግንቦትና በሰኔ ነው። በመካከሉ ሰባት ስምንት ወር አለ። ቀድሞ ገበሬው ዘሩን ወይ ከመሬት ሳያወጣ ይተወው፣ ወይም በጆንያ አድርጎ በጨለማ ጓዳ ያኖረው ነበር። በጨለማ የከረመ ድንች ነጭ፣ ቀጭንና ረዥም ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው ሲነካ ይሰበራል፤ ድንቹም ይጨማደዳል። ዘሩ የጠፋበት ሰው በተከላ ሰሞን ከገበያ በውድ ይገዛል፤ ከዘሩ ጋርም የማያውቀውን በሽታ ይገዛል። እንዲህ ሁለት ዓመት የከሰረ ጎልማሳ መሬቱን አከራይቶ ወደ ከተማ ቢሄድ አይፈረድበትም።

መድኃኒቱ ብርሃን ነው። መቀመጫው በፔሩ አገር በሊማ ከተማ የሆነው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ያስፋፋውን ይህን አሠራር የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለጄልዱ ገበሬዎች አስተምሯል። በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀውን ጉደኔን የመሳሰሉ ምርጥ ዝርያዎችን በዚህ ቤት እያቆዩ ያባዙ ገበሬዎች ዘር ገዢ መሆናቸው ቀርቶ ዘር ሻጭ ሆነዋል፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁም አሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃ የማይተኛበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ምረጡ። የቤቱ ረዥም ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙሩ፤ የጧትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የምሥራቁንና የምዕራቡን ጎን ዝጉት። ረዥሞቹን ጎኖች ግን በጭቃ አትምረጉ፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ወይም ቀርከሃ እያራራቃችሁ ምቱበት። ጣራው የሣር ክዳን ቢሆን ከቆርቆሮ ይልቅ ቅዝቃዜ ይጠብቃል። የጣራው ክፈፍ ወደ ውጭ በደንብ ይውጣ፤ በተለይም የደቡቡ፤ ምክንያቱም በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በቀን ገብታችሁ ጋዜጣ ለማንበብ ከቻላችሁ፣ የፀሐይ ጨረር ግን ድንቹን ካልነካው ብርሃኑ ልክ ነው።

በውስጡ ከቀጫጭን እንጨት መደርደሪያ ሥሩ፤ የታችኛው ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ድንቹን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ድርብ አድርጋችሁ ዘርጉት። አንድ ካሬ ሜትር በሁለት ድርብ ወደ 40 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ለሩብ ሄክታር 5 ኩንታል ዘር ስለሚያስፈልግ፣ ሦስት ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ወርድ ያላቸው አምስት መደርደሪያዎች ይበቃሉ ማለት ነው። አይጥ እንዳይወጣ በየቋሚው ወገብ ቆርቆሮ ጠምጥሙ።

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ሌባ ይገባል ብዬ ፈርቼ የአንድ ሽማግሌን ዘር ቤት ዙሪያውን በጭቃ አስመረግሁት። በየካቲት ስንከፍተው ድንቹ ግማሹ በስብሶ፣ ግማሹ እንደ ክር የረዘመ ቡቃያ አውጥቶ አገኘነው። ሽማግሌው ምንም አልተናገሩኝም፤ በማግሥቱ ግን ልጆቻቸውን ጠርተው ጭቃውን ራሳቸው አፈረሱት። ሌባ ለሚያሰጋው ቤቱን ከመኖሪያው ደጃፍ መሥራት ይሻላል።

ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ቡቃያውም አጭርና ጠንካራ ይሆናል። አረንጓዴ ድንች ግን መርዝነት ስላለው ለሰው መብል አይሁን፤ ለልጆችም ንገሯቸው። ይህም ቤት የታመመ ዘር አያድንም። አጠውልግ በሽታ ከታየበት ማሳ የወጣ ድንች ጤነኛ ቢመስልም ለዘር አይግባ። በየሳምንቱ እየገባችሁ የበሰበሰውን ልቀሙ፤ ከማሳውም ርቃችሁ ቅበሩት።

እንጨቱና ሣሩ በእጃችሁ ያለ ስለሆነ ዋናው ወጪ ጉልበት ነው፤ እርሱም በጅጌ ይቃለላል። ሣሩን በኅዳር አጭዳችሁ፣ ቤቱን በበጋ ሠርታችሁ ጨርሱ፤ በመስከረም ድንቹ ሲቆፈር መደርደሪያው ዝግጁ ሆኖ ይቆየው።